ኮረሪማ በግራው ድስት

እማዬ ለእህቴ «እባክሽ ይቺን ልጅ ይዘሽልኝ ሂጂ፣ አለዚያ ጣሪያውን ታወርደዋለች» ያለቻት ሐምሌ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ቀጨኔ ላይ ዝናቡ ሳያባራ አራተኛ ቀኑን ይዟል። እኔ ደግሞ ዝናብ ሲጥል አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። አንዴ መስኮቱ ጋ፣ አንዴ በሩ ጋ፣ አንዴ አልጋው ላይ እያልኩ ስመላለስ፣ እማዬ ስትለቅም ያረፈደችውን ምስር ከነሰፌዱ ደፋሁት። ምስሩ አልጋ ሥር ድረስ ሄደ። ያኔ ተፈረደብኝ።

እህቴ በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች። ዩኒቨርሲቲ ፒኤችዲዋን እየሠራች ነው። እማዬ ገና ሳትመረቅ «ዶክተር» ትላታለች፤ ጎረቤቶቻችን ደግሞ የእውነት ሐኪም መስላቸው በር ላይ እያስቆሙ ስለ ኩላሊታቸው ያማክሯታል። እሷ የምትሠራው መብራት ላይ ነው። ይህን እኔም የማውቀው እንዲሁ በደምሳሳው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ታክሲ ውስጥ ጠየቅኳት።

«አምፖል ነው የምትሠሪው?»

«አይደለም። ቀለም አስቢ። ከፀጉርሽ በብዙ እጥፍ የሚቀጥን ቀለም። እንደ ላስቲክ፣ እንደ ልብስ ማቅለሚያ ከካርቦን የተሠራ ነው። መስታወት ላይ ትቀቢዋለሽ፣ ከሥርና ከላይ ኤሌክትሪክ ትሰጪዋለሽ፣ ራሱ ያበራል። የአንዳንድ ስልክ ስክሪን ከሱ ነው። ኦርጋኒክ ኤልኢዲ ይባላል።»

«ኦርጋኒክ... እንደ ኦርጋኒክ ቲማቲም?»

ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሳቀ። «እህት፣ እሷ የገባት ነገር አለ» አላት። እህቴ ግን ስለ ሥራዋ ማውራት ከጀመረች የሚስቅባትንም የሚስቅላትንም አታይም። የቀረውን መንገድ በሙሉ ስለ ውኃ ነገረችኝ። ይህ ቀለም ውኃ ጠላቱ ነው። የፈሰሰ ውኃ ሳይሆን አየር ውስጥ ያለው፣ የማይታየው እርጥበት ይበቃዋል። ትንሽ ከገባበት ብርሃኑ ላይ ጥቁር ነጥብ ይወጣል፤ ነጥቡ ይሰፋል፤ በቃ፣ ይሞታል። ፋብሪካዎቹ በትልልቅ ማሽን አሽገው ያድኑታል። እህቴ ደግሞ ማሽኑ ለሌለው አገር በተራ መስታወት፣ በሙጫና እርጥበት በሚመጥጥ ነገር ማሸግ ይቻላል ትላለች። ሦስት ዓመት የደከመችው ለዚህች «ይቻላል» ነው።

እኔ መስኮቱን እያየሁ ነበር። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። በእኛ ሰፈር ካልሲ ለመድረቅ ሦስት ቀን ይፈጅበታል። እዚህ ቁጭ ብሎ እርጥበት የሚፈራ መብራት መሥራት! እህቴን ያን ቀን ወደድኳት። ማለቴ፣ ድሮም እወዳታለሁ፤ ግን ያን ቀን እንደ ሰው ወደድኳት።

ላቡ፣ ማለትም እህቴ የምትሠራበት ላብራቶሪ፣ ሕግ አለው። ጋዋን ይለበሳል፣ ፀጉር ይታሰራል፣ ስልክ ኪስ ውስጥ ይቀራል፣ አይሮጥም። ከሁሉም የከበደኝ የመጨረሻው ነው። እህቴ ወንበር ላይ አስቀምጣኝ ሥራዋን ጀመረች። የክብሪት ሣጥን ግማሽ የምታክል መስታወት የምትሽከረከር ማሽን ላይ አስቀመጠች። ከቀጭን ቱቦ ቢጫ ጠብታ መሃል ላይ ጣል አደረገችባት። ማሽኑ ዞረ፤ ጠብታዋ በአንድ ትንፋሽ ተዘርግታ ጠፋች።

«የት ሄደች?»

«እዛው አለች። ቀጥናብሽ ነው።»

በማግስቱ ኤሌክትሪክ የሚያስገባውን ስስ ብረት ከላይ ቀባችበትና ሁለት ሽቦ አገናኘች። «መጋረጃውን ዝጊ» አለችኝ። ዘጋሁ። ጨለማው ውስጥ መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ የትንሿ ጣቴን ጥፍር የምታክል አራት ማዕዘን፣ አረንጓዴ፣ ኩልል ብላ በራች። እንደ አምፖል ዓይን አትወጋም። እንደ ሻማ አትወዛወዝም። ዝም ብላ አለች። ጮህኩ።

«አትጩሂ፣ አትሸሽም» አለች እህቴ፤ ድምፅዋ ውስጥ ግን ሳቅ ነበር። «አሁን ሰዓት ያዢ። ይቺን አላሸግኳትም።»

ሰዓት ያዝኩ። ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጥቁር ነጥቦች ወጡባት። ዓይናችን እያየ ነጥቦቹ ተቀጣጠሉ፤ አረንጓዴው ጠበበና ጠፋ። መጋረጃውን ስከፍት ዓይኔ እንባ ይዞ ነበር። ጥፍር ለምታክል መብራት ማልቀስ ያሳፍራል ብዬ ወደ ዝናቡ ዞርኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ተሰጠኝ። ላቡ ውስጥ ወፍራም ክዳን ያላቸው ሁለት ትልልቅ የመስታወት ዕቃዎች አሉ። ሁሉም ሰው «ድስት» ነው የሚላቸው፤ የቀኝ ድስት፣ የግራ ድስት። ተሠርተው ገና ያልታሸጉት መስታወቶች የሚጠብቁት እነሱ ውስጥ ነው። ድስቶቹ ሥር ሲሊካ ይደረጋል። ሲሊካ ማለት አዲስ ጫማ ወይም መድኃኒት ስትገዙ «አይበላም» ተብሎ የሚገኘው የትንሹ ከረጢት ፍሬ ነው፤ እርጥበት ይመጥጣል። የላቡ ሲሊካ ሲደርቅ ሰማያዊ ነው፤ ሲጠግብ ሮዝ ይሆናል። በክረምት ደግሞ ቶሎ ይጠግባል። ያለን ስለማይበቃ እኔ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ካሉት ፋርማሲዎች እለቅማለሁ።

አንዷ ፋርማሲስት ገና ደረጃውን ስወጣ ታየኝና ወረፋ የያዙትን ሰዎች ሁሉ እያሰማች «መጣች ቆሻሻ ሰብሳቢዋ!» ትላለች።

«ሲስተር፣ ዛሬስ አለ?»

«ሲስተር አይደለሁም አላልኩሽም? አለ፣ አለ። አንቺ ልጅ ግን ምን ልትሠሪበት ነው? እውነቱን ንገሪኝ፣ ቲክቶክ ነው አይደል?»

«መብራት ነው።»

«መብራት!» ትላለች፤ ትስቃለች፤ ግን ከትልልቆቹ የክኒን ጠርሙሶች ያወጣቻቸውን ከረጢቶች በፌስታል ቋጥራ አስቀምጣልኛለች። አንድ ቀን ወረፋ ላይ የነበሩ አዛውንት «ለምን በሽታ ነው የሚሰጠው?» ብለው ጠየቁኝ። «ለእርጥበት» አልኳቸው። «ለእኔም ጉልበት ይሆን ነበር» አሉ።

ሮዝ የሆነውን ሲሊካ መልሶ ሰማያዊ ለማድረግ መቁላት ነው። የላቡ ምድጃ ያን ሰሞን ተበላሽቶ ስለነበር የምንቆላው ቤት ነው። ለዚህ ብቻ እህቴ አንድ ትንሽ መጥበሻ ገዝታ ቁምሳጥኗ ውስጥ በላስቲክ ጠቅልላ ታስቀምጣለች። ሕጉ አጭር ነው። መስኮት ይከፈታል፣ እሳቱ ይቀነሳል፣ በዚህ መጥበሻ ምግብ አይሠራም። «ሲሊካ የከበበውን ሁሉ ይመጥጣል» ብላኛለች፤ «ውኃ ብቻ አይምሰልሽ። ሽታም ቢሆን።»

ይህን ብላኛለች። ሰምቼያለሁ። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

ነሐሴ ገባ። እህቴ ብርሃን የሚሰጠው ዱቄት እያለቀባት ነበር። ውጭ አገር ያሉ የድሮ መምህሯ የላኩላት ነው፤ ብልቃጧ ሥር የቀረው ለመጨረሻ ስድስት መስታወት ብቻ ይበቃል። የነሐሴ መጨረሻ ላይ አማካሪዋና ሁለት መምህራን ፊት ቀርባ ውጤቷን ታሳያለች። ማሸጊያው ከሠራ መጻፍ ትጀምራለች። ካልሠራ ርዕሷን ቀይሪ ይሏታል፤ ሦስቱ ዓመት እንዳልነበረ ይሆናል። ቤታችን ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። እማዬ ፍልሰታን ስትይዝ «የዘንድሮው ለዶክተር ነው» ብላ ነው የያዘችው።

ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት ላይ እህቴ ከላብ ደወለች።

«ስድስቱም ደርሰዋል። የግራው ድስት ሮዝ ሆኗል። ቁምሳጥኑ ሥር ያለውን ሲሊካ ቆልተሽ እስከ ስድስት ሰዓት አድርሺልኝ። ትችያለሽ?»

«እችላለሁ!»

«ተረጋግተሽ።»

«ተረጋግቼ!» አልኩ፤ ስልኩን ሳልዘጋው ቁምሳጥኑ ጋ ደርሻለሁ።

እማዬ ቤተ ክርስቲያን ናት። መጥበሻውን አነሳሁ። ላስቲኩ የለም። መጥበሻው ንጹሕ ነው፣ ያብረቀርቃል፤ ግን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ኮረሪማ። ደግሜ አሸተትኩ። ኮረሪማ፣ ከሥሩ ደግሞ ትንሽ አብሽ። እማዬ ለፍቺው ቅቤ ቅመሟን ከወዲሁ ነው የምታዘጋጀው፤ ስስ መጥበሻ ስታይ ደግሞ አያስችላትም።

እዚያች ላይ ነው ነገሩ። ለእህቴ መደወል እችል ነበር። ብደውል ግን «ቆይ» ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ «ቆይ» የሚባለውን ቃል አልወደውም። እማዬና እሷ ይጣላሉ፤ ስድስት ሰዓት ያልፋል፤ «ቀዥቃዣ» እየተባልኩ ካደግኩ በኋላ የተሰጠኝ አንድ ትልቅ ሥራ ከእጄ ይወጣል። በሳሙና አጠብኩት። በሙቅ ውኃ ደገምኩት። አሸተትኩት። ትንሽ አለ። «ምን አለበት» አልኩ።

ሲሊካው እሳቱ ላይ ቀስ እያለ ከሮዝ ወደ ሐምራዊ፣ ከሐምራዊ ወደ ሰማያዊ ሲሄድ ደስ አለኝ። ከመስከረም ሰማይ የጠራ ሰማያዊ ነበር። ሰማያዊ ከሆነ ደርቋል፤ ከደረቀ ሌላ ምን ይፈለጋል?

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ላብ ደረስኩ። እህቴ ጉንፋን አፍኗት ዓይኗ ቀልቷል፤ በአፏም በአፍንጫዋም ጭምብል አድርጋለች። እጇ ሥራ ይዞ ስለነበር «አንቺው አስገቢያቸው» አለችኝ። «ሦስት ሦስት አድርገሽ። ክዳኑን በደንብ።» ስድስቱ መስታወቶች እያንዳንዳቸው ቁጥር ባለው ትንሽ ክፍት ሣጥን ውስጥ ናቸው። የቀኙ ድስት ሥር እሷ ራሷ የቆላችው ሲሊካ አለ። የግራው ሥር የእኔን አፈሰስኩ። አንድ፣ አራት፣ ስድስት ቀኝ ገቡ። ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት ግራ። ለምን እንደዚያ እንደመረጥኩ እንጃ፤ እጄ ላይ በመጡበት ነው። እሷ አልጻፈችውም፤ ሁለቱም ድስቶች አንድ ናቸውና ምን ብላ ትጽፈው?

ሙጫውን የሚያደርቀው መብራት ሌላ ክፍል ሄዶ ስለነበር ለሁለት ቀን እዚያው ቆዩ። ቅዳሜ አሸገቻቸው። ሰኞ ጠዋት ስድስቱንም አበራናቸው። ስድስት አረንጓዴ ጥፍሮች። በየግማሽ ሰዓቱ ብርሃናቸውን እየለካች ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ሰኞ ሁሉም ደህና ናቸው። ማክሰኞ ከሰዓት «አምስት ቁጥር ምን ሆነብኝ?» አለች። ረቡዕ ጠዋት መጋረጃውን ዘግተን ስናይ አምስት ቁጥር ላይ ሻጋታ የሚመስል ጥቁር ተዘርግቷል፤ ሁለት ቁጥር ግማሽ ቀርታለች፤ ሦስት ቁጥር የለችም።

እርሳሴን ይዤ ቀረሁ። ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት። ወረቀቱ ላይ በራሴ እጅ ጽሑፍ።

«ምን ሆንሽ?» አለችኝ እህቴ።

«ምንም።»

ከረቡዕ እስከ እሁድ እንዴት እንደቆየሁ አላውቅም። መቆየትም አይባል። ላብ ውስጥ ወንበሩ ወጋኝ። ቤት ስገባ ቤቱ ጠበበኝ። ሐሙስ «ሲሊካ ልለቅም» ብዬ ጳውሎስ ወረድኩና ፋርማሲው ሳልገባ ተመለስኩ፤ የቀጨኔን ዳገት በእግሬ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ደግሞ ወጣሁ። ደጅ ላይ ሸማ የሚቋጩ ሴትዮ በሦስተኛው ዙር «ልጄ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?» አሉኝ። «የለም እናቴ» አልኳቸው። ሌሊት እግሬ ብርድ ልብሱን ሲረግጥ ያድራል። ልነግራት አፌን እከፍትና ሌላ ነገር እናገራለሁ፤ «ዛሬ ጭጋጉ ደስ ይላል» ዓይነት ነገር። እሷ ደግሞ እንደ ክፉ ሰው አትጮህም፣ አትማረርም። ቁጭ ብላ ሙጫዋን ትጠረጥራለች። አንድ ቀን ሙጫው፣ አንድ ቀን መስታወቱ፣ አንድ ቀን የራሷ እጅ። «ሦስቱ ኖሩ፣ ሦስቱ ሞቱ» አለች ዓርብ ዕለት። «ዕጣ እንደመጣል ነው። ዕጣ ዘዴ አይባልም።»

እሁድ፣ ጾሙ ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እማዬ ከመድኃኔ ዓለም ተመልሳ ነጠላዋን ታጣጥፋለች። እህቴ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፗን ከፍታለች።

«በሰንበትም?» አለች እማዬ።

«ለአማካሪዬ እየጻፍኩ ነው።»

«ምን ብለሽ?»

«አልሆነም ብዬ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ የሠራሽው?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ የሠራሁት።»

እማዬ ነጠላውን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ «እንግዲህ፣ የእመቤታችን ፈቃድ ከሆነ...» አለች።

«የእመቤታችን አይደለም» አልኩ።

ሁለቱም ዞሩ።

«መጥበሻው ኮረሪማ ይሸት ነበር።»

«የቱ መጥበሻ?» አለች እማዬ ቶሎ። ቶሎ ማለቷ ራሱ መልስ ነበር።

እህቴ እጇን አንስታ ዝም አሰኘቻት። ዓይኗ እኔ ላይ ነው። «መቼ?»

«ሐሙስ። ያለፈው ሳይሆን ከዚያ በፊት ያለው።»

«የትኛው ድስት?»

«ግራው።»

«ግራው ውስጥ የገቡት?»

«ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት።»

ከንፈሯ ቁጥሮቹን ደገመ። ከዚያ ወደ እማዬ ዞረች። «በእኔ መጥበሻ ነው ኮረሪማ የቆላሽው?»

«እና ምን አለበት? እንደዚያ ያለ ጥሩ መጥበሻ ቁምሳጥን ውስጥ ተቀብሮ!»

«ኬሚካል ነው እኮ የሚቆላበት! ቅቤው ውስጥ ገብቷል?»

«በጾም ቅቤ አነጥራለሁ እንዴ? ተወቅጦ ቆርቆሮ ውስጥ ነው።»

«ድፊው።»

«የጅማ ኮረሪማ ልድፋ?»

«እማዬ!»

«እሺ፣ እሺ! አትጩሂብኝ። ዶክተር ነሽ እንጂ እናቴ አይደለሽም።» ቆርቆሮውን ይዛ ወጣች፤ በረንዳው ላይ ለራሷ ስታጉረመርም እንሰማታለን።

ሁለታችን ቀረን።

«ሐሙስ ሽታውን አውቀሽ ነበር?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ ማለት?»

«አውቄ ነበር።»

«ረቡዕ ቁጥሮቹን ስታይስ?»

«አወቅኩ።»

«አራት ቀን» አለች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ላፕቶፑን ዘጋችው። «ጫማሽን አድርጊ።»

የላቡ ጥበቃ ጃንጥላቸውን ዘርግተው በር ላይ ተቀምጠዋል። «ዶክተር፣ በሰንበት ምን ተገኘ?» አሉ።

«ጋሼ፣ ይምጡ እስቲ፣ አፍንጫዎን ልዋስ» አለቻቸው።

ገባን። የግራውን ድስት ክዳን አንሸራታ ከፈተች። እሷ አሸተተች። እኔ አሸተትኩ። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ፤ እንደ ታቦት ፊት ነበር አጎነባበሳቸው።

«ኮረሪማ!» አሉ። «ለፍቺ ነው? እኔም ልምጣ?»

እህቴ ሳቀች። ከጀርባዋ ቆሜ ስለነበር መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። የቀኙን ድስት ከፈተች፤ ምንም፣ ንጹሕ አየር። ከዚያ መጋረጃውን ዘጋን። አንድ፣ አራት፣ ስድስት እንደ ሰኞ ጠዋቱ ቁጭ ብለዋል፤ አንዲት ነጥብ የለባቸውም። በዚያ ሁሉ ዝናብ ውስጥ።

«ማሸጊያው ሠርቷል» አለች። ለእኔ አልነበረም የተናገረችው፤ ለጋሼም አልነበረም። «የተበላሹት ሳይታሸጉ በፊት፣ በኮረሪማው ትነት ነው። ማሸጊያው ሠርቷል።»

ከዚያ መዝገቡን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። «የሆነውን እንዳለ ጻፊ።»

አራት ገጽ ጻፍኩ። ዝናቡን ጻፍኩ፣ ስልኳን ጻፍኩ፣ እማዬ ስስ መጥበሻ እንደምትወድ ጻፍኩ። አነበበችውና እስክሪብቶ አነሳች።

«ዝናቡ ለምን ገባ?»

«ይዘንብ ነበራ።»

«ይውጣ። እማዬም ትውጣ። ለምን ቸኮልሽ የሚለው ገጽ ሙሉ ይውጣ። ምን ቆላሽ፣ በምን ቆላሽ፣ የት ጨመርሽ፣ የትኞቹ ቁጥሮች ገቡ፣ ስንት ቀን ቆዩ።»

አሥራ አንድ መስመር ቀረ። ከአሥራ አንዱ አንዷ «ሽታው እንዳለ አውቄ ነበር» ትላለች። እሷንም ልሰርዝ ስል እጄን ያዘችኝ።

«እሷን አትነኪም።»

የነሐሴ መጨረሻ ደረሰ። እሷ ገባች፤ እኔ ኮሪደር ላይ ቀረሁ። የወለሉን ንጣፍ ቆጠርኩ፤ ተምታታብኝ፤ እንደገና ቆጠርኩ። የማስታወቂያ ሰሌዳውን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አነበብኩ። ውስጥ አንድ ጊዜ ድምፅ ከፍ አለ። ከዚያ ሳቅ፤ የብዙ ሰው ሳቅ። ሳቁ ጥሩ ይሁን መጥፎ ልለይ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ሳለ በሩ ተከፈተ።

«ሦስት መስታወት አይበቃም አሉ» አለች።

ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው ዞርኩ።

«እንደገና ስድስት ሥሪ አሉ። ሁሉም በአንድ ድስት። ዱቄቱን አማካሪዬ ራሱ ይጠይቅልኛል።»

«ርዕሱስ?»

«ርዕሱ አለ።»

«መቼ ይደርሳል ዱቄቱ?»

«ምናልባት ኅዳር።»

በጣቴ ቆጠርኩ። ጳጉሜን ትቼ ቆጠርኩ። «ሦስት ወር በእኔ ምክንያት» አልኩ።

«አዎ» አለች፤ «በአንቺ ምክንያት።» አላባበለችኝም። ደረጃውን መውረድ ጀመርን። መሃል ላይ ስትደርስ ቆመች። «አንደኛው መምህር፣ የማይስቀው፣ አሥራ አንዱን መስመር አነበበው። ማነው የጻፈው አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ረዳቴ ናት አልኩት።»

የቀሩትን ደረጃዎች እንዴት እንደወረድኳቸው አላስታውስም። ታች ስደርስ እሷ ገና መሃሉ ላይ ነበረች።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስድስት ባዶ መስታወት ሰጠችኝ። ዱቄቱ እስኪመጣ መስታወቶቹ ንጹሕ ሆነው ይጠብቃሉ። በሳሙና ውኃ፣ በተጣራ ውኃ፣ በአልኮል፤ በጣት ሳይሆን በወረንጦ። አንዷን አጥቤ አመጣሁላት። መስኮቱ ጋ ወስዳ ወደ ብርሃኑ ያዘቻት፤ ዓይኗን አጠበበች።

«ጠርዙ ላይ ጭረት የሚመስል አለ። እንደገና።»

አጠብኩ። አመጣሁ።

«እንደገና።»

እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ይረግጣል፤ ትከሻዬ ይበላኛል፤ አንገቴ ዞር በይ፣ ውጪ፣ ሩጪ ይለኛል። እጄ ግን መስታወቷን ይዞ ዝም ብሏል። አምስቴም ስድስቴም ታጠበች። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል እህቴ ብርሃኑ ላይ አየቻት፣ ገለበጠቻት፣ ደግማ አየቻት፤ ከዚያ ንጹሑ ሣጥን ውስጥ በወረንጦ አስቀመጠቻት።

«አንድ» አለች።

ሁለተኛዋን አነሳሁ።